የ2012 ልጆች ዕድሜ ይታሰብላቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ በልብስ ስፌት የምተዳደር ሰው ነኝ። ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ የሰፈር ታዳጊዎችን ኳስ ማሠልጠን ከጀመርኩ 23 ዓመት ሆነኝ። ደመወዝ የለውም፤ ጠይቄም አላውቅም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ሜዳው በኮሮና ተዘግቶ ሳለ የውድድር ዕድሜው ስላለፈበት አንድ ልጅና ስለ መሰሎቹ ነው።

ልጁ ባለፈው ሳምንት የሱሪውን ዚፕ ሊያስቀይር ሱቄ መጣ። በግራ እግሩ የሚጫወት የመስመር አጥቂ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ካሠለጠንኳቸው መካከል ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ አንገቱን ቀና አድርጎ ጓደኞቹ የት እንዳሉ የሚያይ ልጅ ከሦስት በላይ አላገኘሁም፤ አንዱ እሱ ነው። ይህን አላስተማርኩትም፣ ይዞት ነው የመጣው። ዚፑን እየፈታሁለት "ልምምድ መቼ እንደምንጀምር እስካሁን የነገረን የለም" አልኩት። "አቦ ኮች፣ ብትጀምሩም እኔን አይመለከተኝም። በጥቅምት 17 ዓመት ሞላኝ እኮ" አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው የተናገረው። እኔ ግን የያዝኩት ሥራ ከእጄ ላይ ጠፋብኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። የእኛ ውድድር የሰፈር ውድድር ነው፤ የለገሃሬ፣ የገንደ ቆሬ፣ የደቻቱ፣ የሳቢያን ልጆች ከ17 ዓመት በታች ሆነው ይጋጠማሉ። በጥር ይጀመርና ግንቦት ላይ ዋንጫው ይነሳል። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ስንደርስ የክለቦች ተስፋ ቡድን መልማዮች መጥተው ዛፍ ሥር ቆመው ያያሉ። ልጁን "ሰኞ ልምምድ ና" የሚሉት ያኔ ነው። ከዚያች ወር ውጭ የሰፈር ልጅ የሚታይበት ሌላ ቦታ የለውም።

እሑድ መጋቢት 6 ቀን 2012 ሩብ ፍጻሜ ተጫውተን 2 ለ 1 አሸነፍን። ሁለተኛዋን ያገባት ይኸው ልጅ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ስለተነገረ ልጆቹ ሲለያዩ መጨባበጡን ትተው ክርን ለክርን ተነካክተው ተሰነባበቱ። በማግስቱ ትምህርት ቤቶችም ስፖርታዊ ውድድሮችም ለ15 ቀን እንዲቆሙ ተወሰነ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ያ 15 ቀን ይኸው 10 ወር ሆኖታል።

ይህን ስል ኮሮና የለም ከሚሉት ወገን እንዳልቆጠር። ጎረቤቴ የነበሩትን አዛውንት በነሐሴ ቀብረናል፤ መቃብራቸው ዳር የቆምነው በጣት የምንቆጠር ነበርን፤ ለቅሶ እንኳ በወጉ አልተቀመጥንላቸውም። ድሬ ደግሞ ወረርሽኝ ምን እንደሚያደርግ ገና ኮሮና ሳይመጣ ቀምሳዋለች። በ2011 ነሐሴ ቺኩንጉንያ ገብቶ በከተማችን ከ40 ሺህ በላይ ሰው ታሟል። እኔ ራሴ መቀስ መጨበጥ አቅቶኝ ሦስት ሳምንት ሱቄን ዘግቼ ተኝቻለሁ፤ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ ይተሳሰራሉ። ያኔም ልምምድ ቆሞ ነበር። ስለዚህ መጋቢት ላይ ሜዳው ሲዘጋ ተገቢ ነው ብዬ ኳሶቹን በጆንያ አስሬ ቆጥ ላይ የሰቀልኩት እኔው ነኝ።

እንዲያውም የልጆቹን ማሊያ ለበሽታው ገብሬያለሁ። ለግማሽ ፍጻሜው አዲስ ማሊያ እንድሰፋ ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ 18 ሜትር ቢጫ ጨርቅ ገዝቼ ነበር። ማስክ ጠፍቶ ዋጋው ጣራ ሲነካ ወላጆቹን አስፈቅጄ ጨርቁን ቀደድኩት። የማሊያ ጨርቅ ላብ እንዲያወጣ ተብሎ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ብቻውን አይሆንም፤ ከውስጥ ነጭ አቡጀዲ ደረብኩበት። ለጆሮ ማንጠልጠያ የሚሆን ላስቲክ ከገበያ ሲጠፋ የአሮጌ ካልሲ አፍ እየቆረጥኩ በቀለበት በቀለበት ሰፋሁት። ሲንጀር የስፌት መኪናዬ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስታንኳኳ ታድር ነበር። ያን ሰሞን መጋላ ውስጥ ቢጫ ማስክ ያደረገ ልጅ ያየ ሰው የእኛን ተጫዋች ነው ያየው።

ልጆቹ ግን ቤት አልዋሉም። ድሬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከምሳ በኋላ ጫት ይገባል፣ ከተማው ጋደም ይላል። ሳይበላ ሲቅም የዋለ ልጅ 90 ደቂቃ አይሮጥም፤ ስለዚህ ኳስ የሚወድ ልጅ ራሱ ከጫት ይሸሻል። እኔ አንድም ቀን ስለ ጫት ተናግሬያቸው አላውቅም፣ የ10 ሰዓት ተኩሉ ልምምድ ነበር የሚናገርልኝ። ሜዳውም ትምህርት ቤቱም አንድ ላይ ሲዘጋ ስምንትም ዘጠኝም እየሆኑ አንዲት ክፍል ውስጥ በርጫ፣ ማለትም ጫት ለመቃም፣ መቀመጥ ጀመሩ። አንዱን ልጅ ፍለጋ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ፤ መስኮት የሌላት ክፍል፣ አንድ ጆግ ውኃ፣ ለሁሉም አንድ ብርጭቆ። በሽታውን ፈርተን ነፋስ ከሚነፍስበት ሜዳ አስወጣናቸው፤ እነሱ ደግሞ አየር በሌለበት ተፋፍገው ተቀመጡ። ያ በግራ እግሩ የሚጫወተው ልጅ ከሰኔ ጀምሮ ጫት ተራ ሸክም ገባ። አልፈርድበትም፤ እናቱ ሻይ የምትሸጥበት ቦታ በዚያው ሰሞን ደንበኛ ጠፍቶበት ነበር።

ኳስ አልላቀቅም ያሉት ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ደቻቱ ወንዝ ወርደው አሸዋው ላይ ይጫወቱ ነበር። ከሰማሁት ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ደቻቱ ሲደርቅ ሰፊ ሜዳ ይመስላል፤ ላይ ተራራው ሲዘንብ ግን እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ደርሶ ይጠርጋል። በሐምሌ 1998 የሆነውን የድሬ ሰው አይረሳውም፤ ተኝተው ያደሩ ሰዎች ናቸው ከነቤታቸው የተወሰዱት። የዘንድሮዎቹ ልጆች ያኔ ገና ሕፃናት ስለነበሩ አያስታውሱም። በሐምሌና በነሐሴ 11 ሰዓት እየተነሳሁ ወንዙ አፋፍ ድረስ እየሄድኩ አስወጥቻቸዋለሁ። አስወጥቼ የምወስዳቸው ቦታ ግን አልነበረኝም።

የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ የ2012 ውድድር ሚያዝያ ማለቂያ ላይ ተሰረዘ፤ ሻምፒዮን አልተባለም፣ ወራጅም አልነበረም፤ ክለቦቹ በነበሩበት ደረጃ ቆዩ። ከዚያም ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ያለ ተመልካች፣ ተጫዋቾቹ እየተመረመሩ ተጀመረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ ጀመረ። እሰየው ብያለሁ፤ የድሬዳዋ ከተማ ደጋፊ ነኝና። የት ሆኜ እንዳየሁት ግን ልንገራችሁ። 10 ብር ከፍዬ አንድ ቆርቆሮ ቤት ገባሁ። ከ60 ሰው አናንስም፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ነው የተቀመጥነው። ማስክ ያደረግነው ሦስት ሰዎች ነበርን። ከፊት አግዳሚ ላይ ተደርድረው ያገኘኋቸው የራሴ ተጫዋቾች ናቸው። ሜዳ ላይ 22 ሆነው እንዲሮጡ ያልተፈቀደላቸው ልጆች ሌሎች ሲሮጡ ለማየት 60 ሆነው ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ይህን የከለከለ የለም።

ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ልጁ ክሪኬት የሚባለውን፣ የተወረወረች ኳስ በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ፣ ለሰፈራቸው ቡድን ይጫወታል። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ስለሆነ የክሪኬት ወቅታቸው ከሚያዝያ እስከ መስከረም ነው፤ ባለፈው ዓመት ግማሹ ወቅት ሳይጫወቱ አለፈ። ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ኳሷ ራሷ በሽታ ታዛምታለች ብለው ነበር። ሐምሌ 4 ቀን ሲፈቀድ ግን ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ ተሰጣቸው። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል፤ በየስድስት ኦቨሩ ጨዋታው ቆሞ ሁሉም እጁን ያጸዳል፣ ኳሷም ትጸዳለች። ኳሷን በምራቅ ማሸት የኖረ ልማዳቸው ነበር፣ ቀረ። ልጁ ልብሱን ከቤቱ ቀይሮ ይመጣል። በእግር ኳሱም ቢሆን እዚያም የተጎዱት ታች ያሉት ናቸው፤ ትልቁ ሊጋቸው ሰኔ ላይ ሲመለስ የታችኞቹ ሊጎች ውጤት ገና መጋቢት ላይ ተሰርዞ ነበር። ዘንድሮም በሽታው ስለበረታባቸው ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ እንደገና ተዘግተዋል። እነሱ ከእኛ ይሻላሉ ለማለት አይደለም። ወንድሜ ሲነግረኝ የቀናሁት በአንድ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ሰፈር ልጆች አስቦ ወረቀት ላይ ጽፏል። እኛ "ይከፈታል" የሚልም "አይከፈትም" የሚልም ወረቀት አልደረሰንም። ስጠይቅ አንዱ ወደ ሌላው ይልከኛል።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። በ1968 የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ እዚህ ድሬዳዋ ሲካሄድ እጄን ይዞ ስታዲየም ወስዶኛል፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ነበሩ። የዋንጫው ባለቤት ሆና የመጣችው ዛየር አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ከድሬ ተመልሳለች። አባቴ ከዚያም የቀደመውን ያወራልኝ ነበር፤ ኮተን የምንለው የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ የአገሪቱን ሻምፒዮና ደጋግሞ እንደወሰደ፣ የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ያነሳው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎም ያንን ማሊያ እንደለበሰ። ዘንድሮ፣ በ2013፣ ፕሪሚየር ሊጉ ከተማ ከተማ እየዞረ ሲካሄድ ድሬዳዋም ከአስተናጋጆቹ አንዷ ናት። እንግዶቹ መጥተው ሲጫወቱ የከተማው ልጆች አሁንም ሜዳ አጥተው እንዳይጠብቋቸው ነው ጥያቄዬ።

የምለምነው ብዙ አይደለም። በ2012 ተመዝግቦ ውድድሩ የተቋረጠበት ልጅ ዘንድሮ 17 ቢሞላውም አንድ ጊዜ እንዲጫወት ይፈቀድለት። የእኔ ቡድን መዝገብ ላይ 24 ልጆች አሉ፤ ዘጠኙ ዕድሜያቸው አልፏል። ክለቦቹ የተሰረዘባቸውን ዓመት ሳይወርዱ በነበሩበት ጀምረዋል፤ እነዚህም ልጆች እንደዚያው በነበሩበት ይጀምሩ። ተማሪው በፈረቃ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ከጀመረ ወራት ሆኖታል፤ በዚያው ጥንቃቄ ሜዳውም ይከፈት። ተመልካች አይኑር። ድሮ ከአንድ ጄሪካን በአንድ ጣሳ ነበር የምንጠጣው፤ አሁን እያንዳንዱ ስሙን የጻፈበት የራሱን ኮዳ ይይዛል። ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል አዘጋጅቻለሁ፣ ሳሙና አንድ የሰፈራችን ነጋዴ ችሎናል። የሚያስለውን ልጅ ወደ ቤቱ መመለስ የእኔ ኃላፊነት ነው፤ ካስፈለገም እፈርማለሁ።

ሜዳችን ላይ ደግሞ በተዘጋበት ጊዜ አንድ ቤት የሚያሠራ ሰው ጠጠርና አሸዋውን በምሥራቁ ጎል በኩል ደፍቶበታል። "ለጊዜው ነው" ተብለን ነበር፤ ክረምቱ አልፎ ጥርም ሊያልቅ ነው፣ ክምሩ አሁንም የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉን ሸፍኖ ተቀምጧል። የሚመለከተው ሰው ያስነሳልን። አስነሱ ብንባል እኛው በአካፋ እናነሳዋለን፤ ፈቃዱ ብቻ ነው የጎደለን። ከቆጡ ካወረድኳቸው ስድስት ኳሶች አራቱ በሙቀቱ ቆዳቸው ተሰነጣጥቆ አየር አይዙም፤ ለመጀመር ግን ሁለት ይበቃናል። ከቢጫው ጨርቅ የተረፈው አምስት ማሊያ ይወጣዋል፣ የቀረውን አሮጌውን እንለብሳለን።

ልጁ ሱሪውን ሲረከበኝ ታኬታውን ሊሸጥ ገዢ እንዳገኘ ነገረኝ። እስከ የካቲት ማለቂያ ጠብቀኝ ብዬዋለሁ። እሺ ብሎኛል።

ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይገኛል።
የሰፈር ታዳጊዎች አሠልጣኝ፣ ከድሬዳዋ
ጥር 2013