ከዕይታው ቁጥር በፊት የባለሙያዎቹ ስም ይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ላይ ስለ አዳዲስ የሙዚቃ ቪዲዮዎች የሚወጡትን ዜናዎች በትኩረት ከሚከታተሉት አንዱ ነኝ። ከዜናዎቹ አብዛኞቹ የሚጀምሩት ክሊፑ በተለቀቀ በዚህን ያህል ሰዓት ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ ታየ በማለት ነው። ድምፃዊው ይጠቀሳል፣ ቁጥሩ ይጠቀሳል፣ አንዳንዴም ቁጥሩ ከሌላ ድምፃዊ ቁጥር ጋር ይነጻጸራል፤ ቪዲዮውን ማን ዳይሬክት እንዳደረገው፣ ማን እንደቀረጸው፣ ውዝዋዜውን ማን እንዳቀናበረው ግን ሳይነገረን ዜናው ያልቃል። ይህን ልማድ የፈጠረው የጸሐፊዎቹ ቸልተኝነት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። የሙዚቃ ቪዲዮ የምናይበት መሣሪያ ሲለወጥ ስለ ቪዲዮው የምንናገርበት መንገድም አብሮ ተለውጧል።

ነገሩ ከስልክ በፊት የጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ መጠጥ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ውስጥ ይቆም የነበረው ፓኖራም የተባለ ማሽን ሳንቲም ሲገባለት አጭር የሙዚቃ ፊልም ያሳይ ነበር። ስምንት ፊልሞች ተቀጥለው በአንድ ጥቅል ስለሚዞሩ ግን ከፋዩ የወደደውን መምረጥ አይችልም፤ ተራው የደረሰውን ማየት ብቻ ነው። በ1960ዎቹ ከፈረንሳይ የተነሣው ስኮፒቶን የተባለ ተመሳሳይ ማሽን ምርጫውን ለከፋዩ ሰጠ፤ ቴሌቪዥን ደግሞ መልሶ ወሰደው። የአሜሪካው የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤምቲቪ ኦገስት 1 ቀን 1981 ሥርጭት ከጀመረ በኋላ የሚወዱትን ክሊፕ ለማየት ተቀምጦ መጠበቅ፣ ካሴት ያለውም ጣቱን መቅጃው ላይ አድርጎ መጠበቅ ነበር። ይሁንና ይኸው ጣቢያ በ1992 አንድ መልካም ነገር ጀመረ፤ ከድምፃዊውና ከዘፈኑ ስም ጋር የቪዲዮውን ዳይሬክተር ስም በስክሪኑ ላይ መጻፍ። በኋላ በፊልም ሥራ የታወቁት ስፓይክ ጆንዝና ሚሼል ጎንድሪ ስማቸው ከሙዚቃ ቪዲዮ ተመልካቾች ዘንድ የደረሰው በዚያ ዘመን ነው።

ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲመጣ መቼ፣ የትና ስንት ጊዜ እንደሚያይ የሚወስነው ተመልካቹ ሆነ። ከምርጫው ጋር ግን ቴሌቪዥን ያልነበረው ነገር ተከትሎ መጣ፤ በእያንዳንዱ ቪዲዮ ሥር ለሁሉም የሚታይ ቆጣሪ። የደቡብ ኮሪያዊው ድምፃዊ ሳይ «ጋንግናም ስታይል» በዲሴምበር 2012 አንድ ቢሊዮን ጊዜ በመታየት ከዩቲዩብ ቪዲዮዎች የመጀመሪያው ሲሆን ቁጥሩ ራሱ የዓለም ዜና ሆነ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ይኸው ቪዲዮ ቆጣሪው ሊይዝ የሚችለውን የመጨረሻ ቁጥር፣ ማለትም 2,147,483,647ን፣ ሊያልፍ በመቃረቡ ኩባንያው ቆጣሪውን ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት አሳደገው። በመካከሉ የአሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት ቢልቦርድ ከፌብሩዋሪ 2013 ጀምሮ የዩቲዩብ ዕይታን በዋናው የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዡ ስሌት ውስጥ ስላስገባ፣ ቁጥሩ ከወሬ ማድመቂያነት አልፎ ደረጃ ወሳኝ ሆነ።

ለመሆኑ ያ ቁጥር የሚቆጥረው ምንድን ነው? ሰው አይቆጥርም። «ቤቢ ሻርክ» የተባለው የሕፃናት መዝሙር በጃንዋሪ 2022 ከ10 ቢሊዮን ዕይታ ሲያልፍ የምድር ሕዝብ ገና 8 ቢሊዮን አልሞላም ነበር፤ ትርፉ ከየት እንደመጣ ትንሽ ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ማየትንም ቢሆን በትክክል አይቆጥርም፤ ቪዲዮውን ከፍቶ በኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ሥራ እየሠራ ድምፁን ብቻ የሚሰማ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል ከተከታተለው ጋር እኩል ነው። ገንዘብ ተከፍሎበት በማስታወቂያ መልክ ከሌላ ቪዲዮ ፊት የገባ ክሊፕም ለክብረ ወሰን ሲቆጠር ቆይቷል። ዩቲዩብ በሴፕቴምበር 2019 በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የዕይታ ክብረ ወሰን ስሌት ውስጥ በማስታወቂያ የተገኘ ዕይታ እንዳይገባ ወስኗል። የቆጣሪው ባለቤት ራሱ ማጥራት ያስፈለገውን ቁጥር ጋዜጣ እንዳለ ተቀብሎ የሚያትምበት ምክንያት አይገባኝም።

እስቲ ስልኩን ቀረብ ብለን እንየው። ቪዲዮው ከላይ ይሄዳል፤ ከሥሩ ርዕሱ አለ፤ ከርዕሱ ሥር በትንንሽ ፊደል የዕይታው ቁጥርና የተለቀቀበት ጊዜ፣ ከጎኑም «ተጨማሪ» የሚል ቃል። የዳይሬክተሩ ስም፣ ካለ፣ ያለው ከዚህ ቃል ጀርባ ነው። ነክቶ የከፈተው ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው ሳብስክራይብ አድርጉ የሚል ማሳሰቢያ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ ሚዲያ ሊንኮች ድርድር፣ ቀጥሎ የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ ሲሆን ባለሙያዎቹ ከመጡም የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በቲክቶክ የሚዘዋወረው ቁራጭ ደግሞ ከዘፈኑ ስም በቀር ይዞት የሚሄደው ነገር እምብዛም የለም።

ጉዳቱ በስም መጥፋት ብቻ አያበቃም። በአግድም የተቀረጸ የቡድን ውዝዋዜ ለቁም ስልክ ሲቆረጥ፣ ማለትም 16 በ9 የነበረው ምስል 9 በ16 ሲሆን፣ ከስፋቱ የሚተርፈው ከሲሶ ያነሰ ነው፤ መሐል ያለው ድምፃዊ ይቀራል፣ በግራና በቀኝ ለሳምንታት የተለማመዱት ተወዛዋዦች ይወድቃሉ። ይህን የሚያውቅ የካሜራ ባለሙያ ገና ሲቀርጽ ሁሉንም ነገር መሐል ላይ ይሰበስባል፤ ተመልካቹ በጣቱ ገፍቶ እንዳያልፈው የሚሰጋ ኤዲተርም መግቢያውን አሳጥሮ አዝማቹን ወደፊት ያመጣል። ከእነዚህ ውሳኔዎች የትኛው ለሥራው እንደጠቀመ፣ የትኛውስ እንዳበላሸው መመርመር የሂስ ሥራ ነበር፤ ቁጥሩ የሂስን ቦታ ስለያዘ ግን የሚመረምረው ጠፋ።

የድሮው ይመለስ እያልኩ አይደለም። ጣቢያ ያልመረጠውን ክሊፕ ማየት የማይቻልበት ዘመን ለድምፃዊውም ለተመልካቹም ጠባብ ነበር። ዛሬ ዳንስ የሚማር ወጣት ቪዲዮውን በግማሽ ፍጥነት እያዘገመ፣ ስክሪኑን ሁለቴ ነካ አድርጎ 10 ሰከንድ ወደኋላ እየመለሰ እግር አነሣሡን ያጠናል፤ የቴሌቪዥን ተመልካች ያላገኘው ዕድል ነው። እንዲህ ያለ ተመልካች የውዝዋዜውን አቀናባሪ ስም ማወቅ ይፈልጋል፤ ሊነግረው የሚችለውም ጋዜጣ ነው።

ስለዚህ በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ላይ ስለ ማንኛውም አዲስ ክሊፕ ሲጻፍ የዳይሬክተሩ፣ የካሜራ ባለሙያው፣ የኤዲተሩና የውዝዋዜ አቀናባሪው ስም ከዕይታው ቁጥር በፊት እንዲሰፍር እጠይቃለሁ። ቁጥሩ የግድ ከሆነም ከመቼ እስከ መቼ የተቆጠረ መሆኑ አብሮ ይገለጽ። መረጃው አይገኝም የሚባል ከሆነ፣ ዜናውን ለመጻፍ ቪዲዮውን የከፈተው ባልደረባችሁ «ተጨማሪ» የሚለውን ይንካ፤ እዚያም ካጣው ለድምፃዊው ማናጀር ደውሎ ይጠይቅ፤ ካልነገሩት ደግሞ የቪዲዮው ባለቤቶች የባለሙያዎቹን ስም አልገለጹም ብሎ ይጻፍ። ይህ ዐረፍተ ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ ከታተመ በኋላ ቀጣዩን ክሊፕ የሚለቁ ሰዎች ስሞቹን ከሊንኮቹ በላይ ማስቀመጥ ይጀምራሉ ብዬ እገምታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ