የአቶሰከንዱ ጽሑፍ የዘለለው የኳንተም ነገር

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በአቶሰከንድ (በሰከንድ ቢሊዮንኛ ቢሊዮንኛ) የሚለኩ የብርሃን ብልጭታዎችን በመፍጠር ሥራቸው እ.ኤ.አ. የ2023ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ስለተጋሩት ስለ ፒየር አጎስቲኒ፣ ፈረንስ ክራውስ እና አን ሉሊዬ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ሆኖም ጸሐፊው፣ ብልጭታዎቹን የሚፈጥረው ሌዘር እጅግ ብርቱ ስለሆነ የኳንተም ጉዳይ በሌዘሩ የሚገፋውን ኤሌክትሮን እንጂ ብርሃኑን አይመለከትም ብለው ማለፋቸውን፣ ፊዚክስ አስተማሪ እንደመሆኔ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ክፍል ውስጥ የምይዘው አረንጓዴ የሌዘር መጠቆሚያ (በኅዳር ውርጭ ስለሚፈዝ በመዳፌ አሙቄው ነው የምጀምረው) በውስጡ የሚያመነጨው 1064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው፣ በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ጨረር ነው፤ ጨረሩ በአንዲት ትንሽ ክሪስታል ሲያልፍ ሁለት ሁለት ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) እየተዋሐዱ 532 ናኖሜትር የሆነው አረንጓዴ ይወጣል። ይህን ውሕደት ለማስላት የተራ ሞገድ ሒሳብ ይበቃል።

መሰንጠቁ ግን ሌላ ነው። አንድ ፎቶን በክሪስታል ውስጥ ለሁለት እንዲከፈል፣ በሞገዱ ሒሳብ መሠረት፣ አስቀድሞ የሚቀሰቅሰው ሌላ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ከሌለ ውጤቱ ዜሮ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ቀስቃሽ ብርሃን ሳይኖር ጥንድ ፎቶኖች በአንድ ቅጽበት እንደሚወለዱ እ.ኤ.አ. በ1970 ታይቷል። የሚቀሰቅሳቸው የጨለማው የራሱ መዋዠቅ ነው፤ ኳንተም ፊዚክስ ፍጹም ጸጥታን አይፈቅድምና።

ይኸው ሂደት በብርቱና እጅግ አጭር የሌዘር ብልጭታ ሲገፋ፣ ጥንዶቹ ሌሎች ጥንዶችን እየቀሰቀሱ ይበዙና ከጨለማው መዋዠቅ የተገኘው ብርሃን ደማቅ ይሆናል። የዚህ ብርሃን የኤሌክትሪክ መስክ በአማካይ ዜሮ ነው፤ ጥንካሬው ግን ከአንዱ ብልጭታ ወደ ሌላው በእጅጉ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ ሥራ፣ በጀርመን ኤርላንገን ያሉ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ይህንን ብርሃን በጠጣር ቁስ ላይ አሳርፈው፣ ሉሊዬ እ.ኤ.አ. በ1987 በጋዝ ውስጥ ያዩአቸውን ዓይነት ከፍተኛ ሃርሞኒኮች (ድግግሞሻቸው የገባው ብርሃን ድግግሞሽ ብዙ እጥፍ የሆኑ፣ የአቶሰከንድ ብልጭታዎች የሚሠሩባቸው ጨረሮች) አገኙ፤ ያውም አማካይ ብርታቱ እኩል ከሆነ ተራ ሌዘር በተሻለ መጠን፣ ምክንያቱም ሥራውን የሚሠሩት አልፎ አልፎ የሚመጡት እጅግ ኃይለኛ ብልጭታዎች ናቸው። እንግዲህ አማካዩ ዜሮ የሆነ ብርሃን ይህን ካደረገ፣ ብርሃኑ ራሱ ከኳንተም ጉዳይ ውጭ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

በዚሁ አጋጣሚ፣ በጽሑፉ ሠንጠረዥ ውስጥ አቶሰከንድ የፌምቶሰከንድ መቶኛ ተብሎ የታተመው አንድ ሺኛ ተብሎ ቢታረም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር፣ ከአዲስ አበባ