የፈትልና ሽመና ክበብ፦ ክራችን ለምን ይበጠስ እንደነበር ያወቅንበት ዓመት

የዘንድሮውን ክበባችንን ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የሚበጠስ ክር ነው። አንደኛውን ሴሚስተር ሙሉ እንዝርት እናሾራለን፣ ክሩ አንድ ክንድ ሳይሞላ ብጥስ ይላል፣ ልጆቹ ይቀጥሉታል፣ ደግሞ ብጥስ። 18 ልጆች ነበሩ የተመዘገቡት፣ ከነሱ ውስጥ «ቲቸር የኔ እጅ ለዚህ አይሆንም» ብለው ሊተዉት የደረሱም ነበሩ። እኔም ተለማመዱ፣ እጅ በልምድ ነው የሚገራው እያልኩ ከረምኩ፣ ለካ ችግሩ ከእጃቸው አልነበረም። ይሄን ያወቅነው በሁለተኛው ሴሚስተር ለአንድ ቀን የበግ እርባታና የጥጥ እርሻ ልንጎበኝ በወጣን ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ኤግዚቢሽኑንም ስብሰባውንም ልለፈውና ስለዚያ ቀን ልጻፍ።

ጠዋት የደረስነው በጎቹ በሚሸለቱበት ሰዓት ነበር። ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ልጆቹ ወዲያው «እማማ» ማለት ጀመሩ፣ እሳቸውም ደስ ብሏቸው አንድ በአንድ አስረዱን። በጎቹ ከመሸለታቸው በፊት መኖ አይሰጣቸውም፣ ምክንያቱም ሆዳቸው ሞልቶ ሲገለበጡ ይጨንቃቸዋል፣ ደግሞ ዝናብ እንዳይነካቸው መጠለያ ውስጥ ነው የሚያድሩት፣ ርጥብ ሱፍ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ይሻግታላ። ሸላቹ በጓን በመቀመጫዋ አስቀምጦ ጀርባዋን እግሩ ላይ ሲያስደግፋት ዝም አለች፣ ሱፉም ልክ እንደ ካፖርት ሳይበታተን በአንድ ላይ ወለቀ። ልጆቹ ሲነኩት እጃቸው ወዛ። ላኖሊን የሚባለው ቅባት ነው፣ የከንፈርና የእጅ ክሬም ውስጥ የሚገባው ራሱ፣ ይሄን ሲሰሙ ሁሉም እጃቸውን ማሸት ጀመሩ።

ከዚያ እማማ ከአንዱ ሱፍ ላይ ትንሽ ቁንጥር መዘዙና ሁለቱን ጫፍ ይዘው ጆሯቸው አጠገብ ሳብ፣ ሳብ አደረጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ከሌላ በግ ወስደው እንደዚያው ሲያደርጉ ተንጫጫና መሀሉ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ይቺኛዋ ታማብኝ ነበር አሉን። በግ ስትታመም ወይም መኖ ሲያጥራት በዚያ ሰሞን የሚያድገው ፀጉር ይቀጥናል፣ ፀጉሩ ደግሞ ሁሉም እኩል ስለሚያድግ የሳሳው ቦታ በሙሉ አንድ መስመር ላይ ነው የሚውለው። አንዷ የ9ኛ ክፍል ልጅ «እማማ፣ ታዲያ ስንፈትል የሚበጠሰው የታመመችበት ቦታ ላይ ነው ማለት ነው?» አለቻቸው። አዎ ልጄ አሏት። እኔ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ያለው፣ በርካሽ አገኘሁ ብዬ የተደሰትኩበት የሱፍ ከረጢት ነው ትዝ ያለኝ። በነጋታው ስንሞክረው አብዛኛው ሳብ ሲያደርጉት መሀሉ ላይ ተበጠሰ። ልጆቹን ያን ያህል ጊዜ እጃቸውን እንዲጠራጠሩ ማድረጌ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከሰዓት በኋላ የጥጥ እርሻው ጋ ብዙ አልቆየንም፣ ፀሐዩም ከባድ ነበር፣ ግን እዚያም ሁለተኛውን መልስ አገኘን። የጥጥ ጭረት፣ ማለትም አንዷ ቀጭን ፀጉሩ፣ ርዝመቱ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ሱፍ ግን ከዚያ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይረዝማል። እኛ ደግሞ ለሁለቱም በአንድ ዓይነት ከባድ እንዝርት ነበር የምንፈትለው፣ አንጠልጥለን! ጥጡ ገና በደንብ ሳይከርር የእንዝርቱ ክብደት ጭረቶቹን ይለያያቸዋል፣ እንዴት አይበጠስ። ጥጥ ቀላል እንዝርት ነው የሚፈልገው፣ ጫፉ የሆነ ነገር ላይ አርፎ የሚሽከረከር። ባዘቶውን ይዘው የሞከሩ ሦስት ልጆች እዚያው ሳይበጠስባቸው ረጅም ክር አወጡ፣ ጩኸቱ አይነገርም።

እማማ የአንድ በግ ሙሉ ሱፍ ሰጥተው ነው የሸኙን። ግማሹን ስናጥብ ተበላሸብን፣ ምክንያቱም በሙቅ ውሃ እያሸን ከዚያ ቀዝቃዛ ለቀቅንበት። የሱፍ ጭረት ላዩ ላይ ቅርፊት ነገር አለው፣ ሙቀትና መታሸት ሲያገኘው ይያያዝና ይጠጥራል፣ አንዴ ከጠጠረ ደግሞ አይመለስም። የጠጠረውን ቆርጠን የብርጭቆ ማስቀመጫ ሠራንበት። ቀሪውን በሙቅ ውሃና ሳሙና ዘፍዝፈን ሳንነካው ተውነው፣ ያለቀለቅነውም እኩል በሞቀ ውሃ ነው፣ ነጭ ሆኖ ወጣ።

በዓመቱ መጨረሻ የሸመንነው ጨርቅ ድሩ ጥጥ ማጉ ሱፍ ነው፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ። ድሩ ሁልጊዜ ተወጥሮ ስለሚቆይ ጥጡ ይሁን ያሉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፣ እኔ አልነገርኳቸውም። ማበጠሪያ አሁንም ሁለት ጥንድ ብቻ ነው ያለን፣ ለሚቀጥለው ዓመት ቢያንስ አራት ያስፈልገናል። እንዝርቶቹን ግን ልጆቹ በሁለት ሳጥን ለይተው አንዱ ላይ «ጥጥ» አንዱ ላይ «ሱፍ» ብለው ጽፈውበት ቁምሳጥኑ ውስጥ አስቀምጠዋል።