የካላዛር አስተላላፊ የአሸዋ ዝንብ አለያየት፦ ለመስክና ለላቦራቶሪ አባላት

ውድ አባላት፣

በመተማና በሁመራ ቆላ ካላዛርን (ጉበትንና ጣፊያን የሚጎዳውን ጥገኛ ተሕዋስያዊ በሽታ) የምታስተላልፈው ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ የተባለችው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ዋልካ አፈርና የግራር ጫካ ትወዳለች። ወደ ኦሞና ሰገን ስትወርዱ ግን ወጥመዱን ከኩይሳ አጠገብ ስቀሉ፤ እዚያ የሚፈለጉት ማርቲኒና ሴሊዬ የተባሉት የፍሌቦቶመስ ዝርያዎች ናቸው።

የብርሃን ወጥመዱ ሳይመሽ ተሰቅሎ ጎህ ሲቀድ ይነሳ። ለወባ ትንኝ የተሠራ መረብ አይሆንም፤ ዝንቧ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነች ሾልካ ትወጣለች። ፀሐይ ከበረታ በኋላ ከደረሳችሁ ደግሞ ደርቃ ትሰባበራለች።

ላቦራቶሪ ስትገቡ ጭንቅላቷንና የሆዷን ጫፍ በቀጭን መርፌ ቆርጣችሁ ስላይድ ላይ አድርጉ፤ ደረቷን ለዲኤንኤ 96 በመቶ አልኮል ውስጥ አቆዩ። ጭንቅላቷ በጀርባው ይተኛ፣ የታችኛው ገጽ ወደ ላይ ይሁን። አብዛኛው ስላይድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ በጎኑ ከተኛ የአፏ ውስጥ አይታይም። እዚያ የተደረደሩ ጥርሶችና ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ካያችሁ ሰርጀንቶማያ (ከፍሌቦቶመስ የተለየች ሌላ የአሸዋ ዝንብ ወገን) ናት፣ ለብቻ አስቀምጧት። ፍሌቦቶመስ ከሆነች ሴቷ በዘር ከረጢቷ፣ ወንዱ በመራቢያ አካሉ ቅርጽና እሾሆች ይለያል። የአየር አረፋ ከረጢቱን ይሸፍናልና መሸፈኛ መስታወቱን ከአንድ ጎን ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ የማርቲኒና የሴሊዬ ሴቶች በቅርጽ አይለዩም። መዝገቡ ላይ «ማርቲኒ ወይም ሴሊዬ» ብላችሁ ጻፉ፤ አብረው የተያዙትን ወንዶች እዩ፣ ካልሆነም ደረቷን ለዲኤንኤ ምርመራ ላኩ።