ግራጫ ለባሾቹ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጠፋሁብሽ። አንቺም ጠፋሽ፤ ተያይዘን ስለጠፋን ሒሳቡን እዚያው እናቻችለው። እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራው ያው የአዛውንቶች ቤት ነው፣ ፈረቃው ያው፣ ብርዱም ያው። ልጄ በቁመት በልጦኛል። አማርኛ ይሰማል፣ መልሱን ግን በጀርመንኛ ነው የሚወረውርልኝ። ባትሰሚው ይሻላል።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ ጉዳይ ነው። እዚህ ላሉት ሐበሾች ሳወራ «አንቺን ምን አገባሽ በፈረንጅ ጦርነት» ይሉኛል። ጀርመኖቹ ጋ ሳነሳው ደግሞ ሻይ ላፍላ ብለው ከወንበራቸው ይነሳሉ። ስለዚህ ያው እንደ ድሮው አንቺው ስሚኝ።

የድሮ ፎቶ መልቀም ጀምሬያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማይን ወንዝ ዳር የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። ከሰሃኑና ከመብራቱ መሃል የጫማ ሳጥን ሙሉ ፎቶ ይቀመጣል፣ የማንም የማይሆን። ሰው ይሞታል፣ ቤቱ ይጸዳል፣ አልበሙ ገበያ ይወጣል። ጥቁር ወረቀት፣ ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ የወረቀት መያዣ፣ ከሥሩ በነጭ ቀለም የተጻፈ ቀንና ቦታ። ከነዚህ ውስጥ ዓይኔን የያዙት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጀርመን ጦር የሠሩ የሴት ረዳቶች ፎቶዎች ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

አንዷን ልሳልልሽ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። በሁለት ረድፍ የሚቆለፍ ግራጫ ጃኬት፣ ግራጫ ጉርድ ቀሚስ፣ ሸሚዝ ከነከረባቱ፣ ጭንቅላቷ ላይ ወደ አንድ ጎን ዘመም ያለች ቆብ። ግራ ክንዷ ላይ ሞላላ ጨርቅ ተሰፍቷል፣ መሃሉ ላይ መብረቅ አለ። ያው መብረቅ ቆቧም ላይ አለ። ከረባቷንም የያዘው የመብረቅ ብሮሽ ነው። የመገናኛ ክፍል ምልክት ነው፣ ቀለሙም ቢጫ፤ ቢጫነቱን ግን ፎቶው አይነግርሽም። በዚህ የተነሳ ሕዝቡ «ብሊትስሜድል»፣ የመብረቅ ልጃገረዶች ይላቸው ነበር። ደረቷ ላይ በቀኝ በኩል ንስር አለ። የንስሩ እግር ሥር ነጋዴው ትንሽ ክብ ወረቀት ለጥፎበታል። ስዋስቲካውን ለመሸፈን ነው፤ የወንጀል ሕጋቸው አንቀጽ 86ሀ የናዚ ምልክት በአደባባይ ማሳየት ይከለክላል። ልጅቷ ራሷ በሰፊው ፈገግ ብላለች። እሷን የሚሸፍን ወረቀት የለም።

ጊሰንን ታስታውሻለሽ አይደል? ስመጣ አሻራ የሰጠሁባት፣ እዚህ ሄሰን ግዛት ጥገኝነት ጠያቂ ሁሉ መጀመሪያ የሚገባባት ከተማ። የጦሩ መገናኛ ሴቶች የሚሠለጥኑት እዚያው ጊሰን እንደነበር ሳውቅ ደነገጥኩ። በ1940 ጀርመን ፖላንድን፣ ኖርዌይን፣ ፈረንሳይን ይዛለች። ያን ሁሉ አገር የሚያገናኝ የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ሰው ይፈልጋል፣ ወንዱ ደግሞ ለግንባር ይፈለጋል። ስለዚህ በዚያው ዓመት መኸር የጦሩ የሴት መገናኛ ረዳቶች ክፍል ተቋቋመ። መጀመሪያ በፈቃደኝነት ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግዴታው ጠነከረ። ወጣት ሴቶች ከ1939 ጀምሮ የ6 ወር የጉልበት አገልግሎት ግዴታ ነበረባቸው፣ በ1941 ሌላ 6 ወር የጦርነት አገልግሎት ተጨመረባቸው። ጦርነቱ ሲያልቅ በጦሩ ሥር የሠሩት ረዳቶች ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይገመታሉ። የአየር ኃይሉ ሴቶች ሰማያዊ የቀላቀለ ግራጫ ይለብሳሉ። የባሕር ኃይሉም የራሱ ሴቶች ነበሩት።

የሚገርምሽ፣ ያው መንግሥት ሴት ማለት ወጥ ቤትና ልጅ ነው ብሎ ሲሰብክ የኖረ ነው። ዩኒፎርም ሲያለብሳቸውም ወታደር ናቸው ማለት አልፈለገም፤ በሕግ የጦሩ ተከታዮች ነበሩ። መሣሪያ መያዝ ክልክል ነበር። ጠመንጃ የያዘች ሴት የሶቪየቶች ነውር ናት ተብሎ ነበር የሚወራው። መጨረሻ ላይ ሰው ሲያልቅባቸው በፀረ አውሮፕላን መድፍ ቦታዎች መብራት እንዲያዞሩ አሰለፏቸው፣ ቦምቡ እላያቸው ላይ እየወረደ። ያኔ ስብከቱ የት እንደገባ እንጃ።

ፎቶዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ የፕሮፓጋንዳ ክፍሉ ያነሳው ነው፤ የፌደራል ቤተ መዛግብቱ በ2008 ብዙ ሺህ ፎቶ በነጻ ለሕዝብ ስለለቀቀ ዛሬ ማንም ስልኩ ላይ ሊያየው ይችላል። ከዚህኛው ወገን የሆኑት ፓሪስ ላይ የተነሱት ያምራሉ፣ መካድ አይቻልም። ግራጫ የለበሱ ኮረዶች በሰልፍ፣ ከበስተጀርባ ትልቁ የድል በር። ፈረንሳዮቹ ግን «ግራጫ አይጦች» ብለው ስም አወጡላቸው። ሁለተኛው ዓይነት ራሳቸው ልጆቹ እርስ በርስ የተነሷቸው ናቸው፣ ገበያ ላይ የማገኛቸው። አልጋ ላይ ቁጭ ብለው፣ ጸጉር እየተሠራሩ፣ ቆብ ተለዋውጠው። እኔ እነዚህኞቹን ነው የምፈራቸው። ማንም ፈገግ በሉ አላላቸውም። ከትንሽ ከተማ የወጣች፣ የራሷን ደሞዝ የምትቆጥር፣ ፓሪስን ያየች ልጅ ናት። ደስ ብሏታል፣ ደስታውም እውነተኛ ነው።

ሥራቸውን የሚያሳይ ፎቶ ግን እምብዛም ነው። ካየኋቸው ሁሉ የገረመኝን ልንገርሽ። ሆላንድ ውስጥ አርንሄም አጠገብ ጀርመኖች ዲዮገነስ የሚሉት ትልቅ የኮንክሪት ምሽግ ነበራቸው። ውስጡ ግድግዳ የሚያክል የመስታወት ካርታ ቆሟል። ከካርታው ወዲያ እንደ ሲኒማ ቤት ደረጃ በደረጃ የተደረደሩ የአየር ኃይል ሴቶች ተቀምጠዋል፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ። ራዳሩ ጋ ያለው ሰው ቦታ ይነግራቸዋል፣ እነሱ በያዙት መብራት መስታወቱ ላይ ነጥብ ያበራሉ። ያቺ ነጥብ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ናት። ወዲህ በኩል ያለው መኮንን ነጥቧን አይቶ ተዋጊ አውሮፕላን ይልካል። አስቢው፣ ልጅቷ አንድ ጥይት አልተኮሰችም። መሣሪያም አልያዘችም፣ ክልክል ነዋ።

የምሠራበት የአዛውንቶች ቤት አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ አሁን አርፈዋል። ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ፓሪስ፣ ስልክ ማገናኛ ሰሌዳ ፊት ነው። ኮመዲኖዋቸው ላይ የዚያን ጊዜ ፎቶ ነበራቸው፣ ያው ግራጫ፣ ያው መብረቅ። ሳጥባቸው፣ ሳለብሳቸው የሚያወሩልኝ ስለ ጫማው ነበር። ጫማው ጠባብ ነበር፣ መንገዱ ድንጋይ ነበር፣ ማታ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ይነክሩ ነበር። አንድ ቀን ደፈር ብዬ በመስመሩ ምን ምን ያልፍ ነበር አልኳቸው። «እኔ የማገናኘው ብቻ ነበር» አሉ። ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይተው «ቁጥር ነበር የሚበዛው» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ፓሪስ አጠገብ ድራንሲ የሚባል የአይሁዶች ማጎሪያ ነበር። ከዚያ ባቡር በተነሳ ቁጥር ስንት ሰው እንደተጫነ ለበርሊንና ፖላንድ ውስጥ ለነበረው ለኦሽዊትዝ የግድያ ካምፕ በቴሌክስ፣ በጽሑፍ መላኪያ ማሽን፣ ይነገር ነበር። እሳቸው ያን መልእክት አይተዋል አልልም፣ የሳቸው ሰሌዳም የስልክ ነው። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ጫማውን ሲያወሩ እንደ ድሮው አልስቅም ነበር።

አሁን ደግሞ ዋናውን። በ1946 አንድ የአሜሪካ መኮንን ፍራንክፈርት ውስጥ ሰው የተወው አፓርታማ ገብቶ አንድ አልበም ያገኛል። 116 ፎቶ። ለ60 ዓመት ያህል እሱ ጋ ከቆየ በኋላ በ2007 ዋሽንግተን ያለው የሆሎኮስት፣ የአይሁዶች ጭፍጨፋ፣ ሙዚየም እጅ ገባ። የካርል ሆከር አልበም ነው፣ የኦሽዊትዝ አዛዥ የሪቻርድ ቤር ረዳት መኮንን። ውስጡ አንድም እስረኛ አይታይም ማለት ይቻላል። ያለው ሽርሽር ነው። ከካምፑ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ዞላሂውተ የሚባል የኤስኤስ፣ ካምፖቹን ያስተዳድር የነበረው የናዚ ታጣቂ ድርጅት፣ ማረፊያ ነበር። እዚያ የኤስኤስ ሴት ረዳቶች የእንጨት አጥር ላይ በሰልፍ ተቀምጠው ሰማያዊ እንጆሪ ይበላሉ። ሥራቸው ካምፑ ውስጥ ስልክ፣ ቴሌክስና ሬዲዮ ነበር። ከጀርባቸው አንዱ አኮርዲዮን ይጫወታል። ሆከር ራሱ ሳህን ሳህኑን ያድላል። በመጨረሻ ሳህናቸውን ገልብጠው ባዶነቱን ለካሜራው ያሳያሉ፣ አንዷ አለቀብኝ ብላ የምታለቅስ ትመስላለች። ለቀልድ። ሌላው ፎቶ ላይ ዝናብ መጣና እየሳቁ ይሮጣሉ።

ቀኑ ተጽፏል፤ ጁላይ 22 ቀን 1944። ሙዚየሙ የዚያን ቀን መዝገብ ተመልክቷል። 150 ሰው የኦሽዊትዝ ክፍል የሆነው ቢርከናው ደርሷል። 21 ወንዶችና 12 ሴቶች ለሥራ ተመርጠዋል። የቀሩትን በጋዝ ገድለዋቸዋል። 117 ሰው ማለት ነው፣ ያ እንጆሪ በሚበላበት ቀን።

ሆከር ከጦርነቱ በኋላ ባንክ ውስጥ ሲሠራ ኖረ። ከ1963 እስከ 1965 ፍራንክፈርት ላይ በተካሄደው የኦሽዊትዝ ችሎት 7 ዓመት ተፈረደበት። አልበሙን ዳኞቹ አላዩትም፣ ያኔ መኖሩን ማን ያውቃል። ከተከሳሾቹ መሃል አንዲትም ሴት አልነበረችም። እነዚያ አጥር ላይ የተቀመጡት ልጆች አግብተው፣ ወልደው፣ አርጅተው ይሆናል። ከነሱ ውስጥ የምናጥባቸው ኖረው ይሆን እያልኩ አንዳንዴ ሌሊት ፈረቃ ላይ አስባለሁ፣ ከዚያ የሰው ደወል ይጠራና እነሳለሁ።

ገበያው ላይ ያሉት ሰብሳቢዎች ስለ ጨርቁ ብቻ ነው የሚከራከሩት። ይሄ ቁልፍ የ1942 ነው፣ ያ ቆብ ከጦርነቱ በኋላ የተሰፋ ነው። አንዱ ሽማግሌ ማጉያ መነጽር ዓይኑ ላይ ደቅኖ የአንዷን ክንድ ሩብ ሰዓት ሲያይ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ፊቷን አንዴም አላየም። አልፈርድበትም፣ እኔም መጀመሪያ የሳበኝ ልብሱ ነው፣ አምሮባቸዋል። አሁን ግን ፎቶ ሳነሳ መጀመሪያ ገልብጬ ቀኑን ነው የማየው። ቀን ከሌለው አልገዛም። ዋጋውም ተወዷል፤ ዩኒፎርም ያለበት ከሌለበት አምስት እጥፍ ይጠሩበታል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እማማ ቴሌ በኦፕሬተርነት ሲሠሩ ጡረታ እስኪወጡ እዚያው እንደነበሩ አጫውተሽኛል። አንድ ቀን ቡና ሲጠጡ ጠይቂልኝ፦ መስመሩን ካገናኙ በኋላ የሚወራው ይሰማቸው ነበር ወይ? ወይስ ሰክተው ወዲያው ወደሚቀጥለው ነው? ሆን ብሎ የሚያዳምጥስ ነበር? አሮጊቷን ይህን ሳልጠይቃቸው ሞቱ፣ የሚያውቀው ደግሞ ሥራውን የሠራ ሰው ብቻ ነው። ያሉሽን እንዳለ ጻፊልኝ፣ አታሳጥሪው። በድምፅም ብትልኪው ይሻለኛል፣ የእማማ ሳቅ ናፍቆኛል።

ለቤተሰብሽ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። በርበሬው በሰው ደርሶኛል፣ ማመስገኑንም ረስቼው ነበር።

ያንቺው