የሂሳብ ክበብ ዘገባ፦ ከ4,294,967,297 ጋር የከረምንበት ዓመት

ክበባችን ዘንድሮም በጥያቄና መልስ ውድድር ተሳትፏል፤ በሚኒሚዲያም የሳምንቱን ጥያቄ ሲያቀርብ ከርሟል። እኔ ግን ብዙ ልል የምፈልገው ስለ አንድ ቁጥር ነው፤ ስለ 4,294,967,297።

ከ2 ተነሱ። የተገኘውን ሁሌ በራሱ አባዙት፦ 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536። እያንዳንዱ ላይ 1 ስትደምሩ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ይመጣሉ። አምስቱም ፕራይም ናቸው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። ስድስተኛው የእኛው ቁጥር ነው። ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 የዚህ ዓይነት ቁጥሮች ሁሉ ፕራይም ናቸው ብሎ እንደሚያምን ጽፎ ነበር፤ ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። አብዛኞቹ አባሎቻችንም እጃቸውን ያወጡት ለፌርማ ነበር። አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲሠራ ማን ይጠራጠራል?

እ.ኤ.አ. በ1732 የስዊዘርላንዱ የሂሳብ ሊቅ ኦይለር ተጠራጠረ። በጭፍን ለመሞከር ከ6,500 በላይ ፕራይሞች አሉ። እሱ ግን አካፋይ ካለ የ64 ብዜት ላይ 1 የተደመረበት መሆን እንዳለበት አየ። ከ65 ጀምረን ስንዘረዝርና ፕራይም ያልሆኑትን ስንሰርዝ 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ቀሩን። አምስት ቡድን፣ አምስት ቁጥር። ስልክ ከልክዬ በጠመኔ ብቻ እንዲያካፍሉ አደረግሁ።

አራቱ ቡድኖች ቀሪ አገኙ። የ641 ቡድን ጋ ሰሌዳው ላይ የመጨረሻዋ 7 ስትወርድ 4,487 ሆነ። ልጆቹ ይህን ቁጥር ያውቁታል፤ ገና በሁለተኛው እርምጃ 641ን በ7 ሲያባዙ አግኝተውት ነበር። ሳይቀንሱት በፊት ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ቀሪ ዜሮ! 4,294,967,297 ማለት 641 ሲባዛ በ6,700,417 ነው። ፌርማ ተረታ።

ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ጥያቄ ነው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ የ257 ቡድን ቀሪ ለምን 2 ብቻ ሆነ አለች። የሌሎቹ ቀሪዎች 109፣ 325 እና 288 ነበሩ። በ3፣ በ5 እና በ17 ሞከረች፤ አሁንም 2። የመጀመሪያዎቹን አምስት ቁጥሮች እርስ በርስ ስናባዛቸው 4,294,967,295 መጣ፤ ከእኛው ቁጥር የሚያንሰው በ2 ብቻ ነው። ስለዚህ በአምስቱ በየትኛውም ብታካፍሉ 2 ይተርፋል። ማንም ሳይነግራት ጠየቀች፣ መልሱንም አገኘች።

ከ65,537 በኋላ በዚህ መንገድ የሚገኝ ፕራይም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሰባተኛው ቁጥር 18,446,744,073,709,551,617 ነው፤ በ274,177 እንደሚካፈል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። በመስከረም የምንጀምረው ይህንኑ በእጅ በማካፈል ነው። የ9ኛ ክፍል አዲስ ገቢዎችም መመዝገብ ትችላላችሁ፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል።