የታሪክና የቴአትር ክበብ፦ ከጀሪካን የተሠሩ ምሳሮች

በ2017 የትምህርት ዘመን ክበባችን ሥራ አልፈታም። የጥያቄና መልስ ውድድር አካሂደናል፣ አንኮበርን ጎብኝተናል፣ የግድግዳ ጋዜጣችንም ሳይቋረጥ ወጥቷል። በዚህ ዘገባ በስፋት የምጽፈው ግን ለ129ኛው የዓድዋ ድል በዓል ስላቀረብነው ተውኔት፣ ከተውኔቱም ይበልጥ ለልምምዱ ብለን ስለሠራናቸው የፕላስቲክ ምሳሮች ነው። ልጆቹ ዘንድሮ አብዝተው የተማሩት እዚያ ላይ ነው።

ተውኔቱን የጻፉት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የመረጡት ውጊያውን ሳይሆን ክተቱን ነው። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ አዋጅ ሲታወጅ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት ታዞ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የተወለዱበት አንጎለላ፣ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ መናገሻቸው የነበረው አንኮበር፣ ሁለቱም ለእኛ ለደብረ ብርሃን ቅርብ ናቸው። "ከዚህ ከኛ አገር የተነሣው ሰው ምን ይዞ ወጣ?" የሚለው ጥያቄ ልጆቹን አላስተኛቸውም። በድርሰታቸው ውስጥ ጎራዴና ጋሻ የያዘ ብቻ አይደለም ያለው፤ ቁጥቋጦ የሚመነጥር፣ የድንኳን ካስማ የሚቆርጥ፣ ማገዶ የሚፈልጥም አለ። ይህን ሰው መድረክ ላይ ማውጣታቸው እኔን በጣም አስደስቶኛል፤ በበዓል ዝግጅቶች ላይ ብዙ ጊዜ አናየውም።

ችግሩ ምሳሩ ነው። ብርማ ቀለም የተቀባ ካርቶን ለፎቶ ያምራል እንጂ ለልምምድ አይሆንም። ክብደት የሌለውን ነገር የሚያነሣ ተማሪ ትከሻው አይሠራም፣ ወገቡ አይታጠፍም፣ እግሩን አያሰፋም። ክንዱ ይዋሻል፤ ተመልካችም ያውቀዋል። በተለይ በኛ አካባቢ፣ ባሕር ዛፍ ሲፈለጥ እያየ ያደገ ሰው ፊት፣ የውሸት ፍልጥ አያልፍም። እውነተኛ ምሳር ደግሞ በሚሯሯጡ ልጆች መካከል አይገባም፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም። ስለዚህ የሚከብድ ግን የማይቆርጥ ነገር ማግኘት ነበረብን።

የኬሚስትሪ መምህራችን ወደ ፕላስቲክ መሩን። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የተማሩት ዕቃ ገልብጦ ሥሩን ማንበብ ነው። በሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ያለበት ኤችዲፒኢ የሚባለው ነው፤ ቢጫው የዘይት ጀሪካን፣ የበረኪና ጠርሙስ፣ ጥቁሩ የውሃ መስመር ቱቦ ከዚህ ወገን ናቸው። 1 ቁጥር የውሃ ፕላስቲክ ነው፤ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ይሰባበራልና ተውነው። 3 ቁጥርን፣ ማለትም ፒቪሲን፣ እሳት አጠገብ ማድረስ ጨርሶ ተከልክሏል፤ ሲቃጠል ሳንባ የሚጎዳ የአሲድ ጋዝ ያወጣል። በርካታ የጠርሙስ ክዳኖች ደግሞ 5 ቁጥር ናቸው። ይኸኛው ፕላስቲክ ብርድ ሲይዘው ይሰባበራል። በደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ ቤት ውጭ ያደረ፣ ከክዳን ብቻ የተሠራ አንድ የሙከራ ምሳር ጠዋት መሬት ላይ ሲወድቅ ለሁለት ተከፈለ። ከጀሪካን የተሠራው አጠገቡ አድሮ ምንም አልሆነም። ይህን ከመጽሐፍ ከማንበብ በዓይን ማየት ይሻላል።

አሠራሩን በዝርዝር ልጻፈው፤ ሌሎች ክበባት ሊሞክሩት ይችላሉ። ዕቃው በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል፣ በመቀስ ጥፍር እስኪያህል ይከታተፋል። ለእንጀራ የማያገለግል አሮጌ የኤሌክትሪክ ምጣድ በረንዳ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ይጣዳል። በላዩ ዘይት የተቀባ ላሜራ፣ በላሜራው ላይ ፕላስቲኩ። ኤችዲፒኢ በ130 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ምጣድ ከዚያ በላይ ስለሚግል ዓይን አይነሣለትም። ፕላስቲኩ ላብ ያጠመቀው መስሎ ማንጸባረቅ ሲጀምር ደርሷል፤ ጭስ ካወጣ አልፏል፣ ይጠፋል። ወፍራም የቆዳ ጓንት ያደረገ ሰው በእንጨት እያገላበጠ ያቦካዋል። ምጣዱን የምንነካው እኔና የኬሚስትሪ መምህሩ ብቻ ነን።

አንድ ቀን ፕላስቲኩ ግማሹ እንደቀለጠ መብራት ጠፋ። ሲመለስ እንደገና አሙቀን ጨረስነው፤ ላዩ የሚያምር ጥርብ ወጣልን። በሴጌቶ ስንቆርጠው ግን መሐሉ ላይ እንደ እንጀራ ንብርብር ተለያየ። የቀዘቀዘው ከሞቀው ጋር አልተዋሐደም ነበር። ከዚያ ወዲህ መብራት የጠፋበትን ቁራጭ ሁሉ ከትፈን ከመጀመሪያው ጀምረናል።

የቀለጠው በሁለት ጣውላ መካከል ገብቶ ድንጋይ ይጫንበታል። ኤችዲፒኢ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ካልተጫነ ይጣመማል። በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ቀለም መቀባት አይታሰብም፤ ይህ ፕላስቲክ ቀለምም ማጣበቂያም አይቀበልም፣ በጥፍር ይላጣል። ስለዚህ ቀለሙን ከውስጡ አወጣነው፦ ነጭ የበረኪና ጠርሙስና ጥቁር ቱቦ አብረው ሲቦኩ ብረት የሚመስል ግራጫ ይሰጣሉ። ይህን ያገኘችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ማንም አልነገራትም።

ብረት ከዚህ ፕላስቲክ ስምንት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። በእውነተኛው ምሳር ልክ ብንቆርጠው ያው ካርቶን ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የምሳሩን ራስ በጣም አወፈርነው። ሞርሳ ላይ ታስሮ በሴጌቶ ተቆረጠ፣ በሞረድ ተሞረደ፣ በብርጭቆ ወረቀት ለሰለሰ። ስለቱ ከትንሽ ጣት እንዳይቀጥን ደንብ አወጣን። የመጨረሻው ፈተና ቀላል ነው፤ የሠራው ተማሪ ስለቱን ጉንጩ ላይ ያሻል። ከቧጨረው ወደ ሞረድ ይመለሳል።

በጣም የተጨነቅሁት ስለ ዛቢያው ነበር። የሚያስፈራው ስለቱ ሳይሆን ከዛቢያው ተነቅሎ የሚበር ራስ ነው። ሽቦና ከመነዳሪ ሞከርን፤ ይላላሉ። በመጨረሻ ራሱን በትራፓኖ በስተን ጥቁሩን ቱቦ አሳለፍንበት፣ የቱቦውን ጫፍ በጋለ ብረት ድስት ላይ ተጭነን እንደ እንጉዳይ አሰፋነው፣ በጎንም ብሎን ከዳዶ ጋር አሰርንለት። ከዚያ በኋላ አንድም ራስ አልተነቀለም። የብሎኑ ጫፍ በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ከልምምድ በፊት ዳዶውን የሚፈትሽ ተረኛ አለ።

ልምምዱ ሲጀመር ያልጠበቅሁት ነገር አየሁ። ከገጠር ቀበሌዎች መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች በክፍል ውስጥ ብዙዎቹ ዝምተኞች ናቸው። ምሳሩን ሲይዙ ግን መምህራኑ እነሱ ሆኑ። አንዱ የከተማ ልጅ ሁለት እጁን ዛቢያው ጫፍ ላይ አጣብቆ ሲያነሣ፣ ከመንዝ የመጣ ጓደኛው እጁን ይዞ አስተካከለው፤ "አንዱ እጅህ ራሱ ሥር ይሁን፣ ስትሰነዝር ወደ ታች ይንሸራተት። እግርህን ክፈት፣ ቢስትህ መሐል መሬቱን ይምታ እንጂ ቅልጥምህን አይምታ።" እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ይህን አላስተማርኩትም፣ ላስተምረውም አልችልም ነበር። እንጨት በመፍለጥ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ አንድ አባትም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ አቋቋማቸውን አርመውላቸዋል። ጋሼ እያሉ ከበው ሲጠይቋቸው ማየት ደስ ይላል፤ ክበቡ በስማቸው ሊያመሰግናቸው ፈልጎ ነበር፣ ስሜ አይጻፍ ስላሉ ነው ያልጻፍነው።

የመድረክ ደንባችን ጥብቅ ነው። ምሳር ወደ ሰው ራስ አይሰነዘርም። ጥንድ ሆነው የሚሠሩ ሁለቱ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ አይጀምሩም፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ በፍጥነት፣ ሁልጊዜም ከክንድ ርቀት ውጭ። ከሣጥኑ የወጣው ምሳር ሁሉ ተቆጥሮ ይመለሳል።

የካቲት 23 የተመልካቹ ዝምታና ጭብጨባ ሌላ ነበር፤ እሱን በፎቶው ገጽ ላይ ታዩታላችሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ጎራዴዎቹንም በዚሁ መንገድ ለመሥራት አስበናል። ጎራዴ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ መታጠፉ አይቀርም፤ መሐሉ ላይ ቱቦ ቀብረን እናያለን። ቤታችሁ የሚጣል የበረኪና ጠርሙስና የተሰነጠቀ ጀሪካን ካለ አጥባችሁ ለክበቡ ተጠሪዎች አስረክቡልን። ክዳኑን ነቅላችሁ ለብቻ አድርጉት፤ ከሌላው ጋር አይቀልጥም።